መሪውን የያዘው ማን ነበር?

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው አስፋልት ላይ መኪና የሰው ከብት ሲገጭ ነገሩ ሁልጊዜ ፖሊስ ጣቢያ አያልቅም። ባለከብቱና ሹፌሩ ከተስማሙ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ሹፌሩ ጥፋቱን ይናገራል፣ ምትክ ይቆረጥበታል፣ ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ይቅር ተባብለው ይለያያሉ። በላይ ለብዙ ዓመታት ከእነዚህ ሽማግሌዎች አንዱ ነበር። የዕድሜ ባለጸጋ ሆኖ ወይም ሃይማኖት አዋቂ ሆኖ አልነበረም የሚጠሩት። ዕድሜውን ሙሉ ሽንኩርትና ቲማቲም በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ ሲመላለስ ዶሮ እንኳ ገጭቶ ስለማያውቅ ነበር።

በሽምግልናው ላይ የእሱ ተብላ የምትታወቅ አንዲት ጥያቄ ነበረች። ሌሎቹ ስለ ከብቱ ዕድሜ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ፍጥነቱ ጠይቀው ሲጨርሱ በላይ ጉሮሮውን ይጠርግና "መሪውን የያዘው ማን ነበር?" ይላል። ለማያውቅ ሰው የሞኝ ጥያቄ ትመስላለች። ሹፌሮችን ለሚያውቅ ግን ሌላ ናት። ሹፌር ሲደነግጥ ጥፋቱን የሚያሸክመው አያጣም፤ ፍሬኑ እምቢ አለ፣ ጎማው ፈነዳ፣ ረዳቴ ነበር የሚነዳው፣ ግመሉ ዘሎ ገባ ይላል። በላይ "እኔ ነበርኩ" የምትለውን ቃል ሳይሰማ አይለቅም። አንድ ጊዜ የከባድ መኪና ሹፌር "ፍሬኑ አልይዝ ብሎኝ ነው" ቢለው፣ "እንግዲያው ፍሬኑ ይምጣና ይቅርታ ይጠይቅ" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሹፌሩም ስቆ "እኔ ነኝ" አለ። ያቺ ቃል ከወጣች በኋላ ዕርቁ ቀላል ነው። በላይ ከቤቱም ከንብረቱም አብልጦ የሚኮራው በዚህች ጥያቄና በመጠየቅ መብቱ ነበር።

ወገቡ የአይሱዙን ወንበር አልችል ሲል መኪናውን ሸጠ። አዲስ አበባ የምትሠራው ልጁ ኤደን "አባዬ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ግዛ" አለችው።

"እዚህ ቆላ ውስጥ ማን ይጠግንልኛል?"

"የሚጠገን ነገር ምን አለውና።"

ይህ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ ግን ከጠበቀው በላይ እውነት ሆኖ አገኘው። መኪናዋ ዘይት አትቀይርም፣ ማጣሪያ አትጠይቅም፣ ጭስ የላትም። በር ሲከፈት በቻይንኛ የምታናግር ሴት ድምፅ አለቻት፤ የበላይ ሚስት አበበች ትርጉሙን ሳታውቅ ሁልጊዜ "እሺ እመቤቴ" ብላ ትመልስላት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቁልቁለቱ ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም፤ የዚህች መኪና ትልቁ ደስታ እሱ ነውና። ኤሌክትሪክ የሚያሽከረክረው ሞተር፣ በተራው ሌላ ነገር ካሽከረከረው ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በላይ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም በአርማንያ በኩል ወደ ቆላ ሲወርድ እግሩን ያነሳል። መኪናዋ በክብደቷ ትንደረደራለች፣ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል፣ ሞተሩ ደግሞ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። በአይሱዙ ዘመን ያ ሁሉ ጉልበት ፍሬን ላይ ተቃጥሎ ነበር የሚቀረው፤ ያንን ቁልቁለት የወረደ ሰው የፍሬኑን ሽታ ያስታውሰዋል። አሁን ግን ቁልቁል በወረደ ቁጥር በስክሪኑ ላይ የባትሪው ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል። በላይ ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር "እይ፣ እይ፣ እየሞላች ነው" ማለቱን አልተወም። ሽቅብ ስትወጣ የበላችውን ሁሉ አትመልስም፤ ከፊሉን ነው። ደጋ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ መውረድ ደግሞ ስህተት መሆኑን በራሱ ደረሰበት። የሞላ ማሰሮ ሌላ ውኃ አይቀበልም።

የቆላው ሙቀት ለባትሪ ጠላት ስለሆነ መኪናዋን ከግቢው ማንጎ ጥላ ሥር ያቆማታል። ቻርጅ የሚያደርጋት አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ መብራት ከጠፋም እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ አንድ ሙሉ ቻርጅ የሚያደርሰው ርቀት ጥቂት ቀንሷል፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። አንዱ ችግር ድምፅ አልባ መሆኗ ነበር። ገበያ መሃል ስትገባ ሰውም አህያም አይሰማትም። የባጃጁ ሹፌር ጀይላን "ጋሼ በላይ፣ የገዙት መኪና ነው ወይስ ድመት?" እያለ ይተርበው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መኪናዋ ሁለት ዓይነት ዓይን አላት። አንዱ ከፊት መስታወቱ ጀርባ የተተከለ ካሜራ ነው፤ በአስፋልቱ ላይ የተቀባውን መስመር ያያል፣ የመኪናንና የሰውን ቅርጽ ይለያል። ሁለተኛው ከፊት ባለው የግጭት መከላከያ፣ ፓራውልቱ ውስጥ የተሸሸገ ራዳር ነው። የሌሊት ወፍ በጨለማ ድምፅ ልካ የግድግዳውን ርቀት እንደምታውቅ፣ ራዳሩም የማይታይ ሞገድ ልኮ ተመላሹን ያዳምጣል። በሁለቱ ዓይኖች እየታገዘች ከፊቷ ካለው መኪና ርቀቷን ትጠብቃለች፤ መስመሩ በደንብ በተቀባበት መንገድ ላይም መሪውን ራሷ ታስተካክላለች። መስመሩ የተፋቀበት ቦታ ስትደርስ ግን ደውላ ትተወዋለች። ማለትም ረዳት እንጂ ሹፌር አይደለችም። በላይም በመጀመሪያው ዓመት እንደ ረዳት ነበር የቆጠራት፤ ለረዳት ደግሞ መሪ አይሰጥም።

በሁለተኛው ዓመት ከፊቱ ይሄድ የነበረ አውቶቡስ ተሳፋሪ ለመጫን ድንገት ቆመ። የበላይ እግር ፍሬኑ ላይ ሳይደርስ መኪናዋ ቀድማ ቆመች። ያን ቀን ያገኘውን ሰው ሁሉ አስቁሞ አወራ። ከዚያ ወዲህ ሰው "በላይ፣ መቼም አነዳድህ" ሲለው፣ "እሷ ናት እንጂ እኔማ ተቀምጬ ነው" ማለት ጀመረ። ትሕትና ይመስለው ነበር። ሳይታወቀው ግን መሪውን ለረዳቷ እየሰጠ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ያናድደው ነበር። እጁን ከመሪው ላይ ካነሳ ጥቂት ቆይታ ትጮሃለች፤ በስክሪኑ ላይም ቀይ የእጅ ሥዕል ታበራለች። እንዴት እንደምታውቅ ሲመረምር ቆየ። ለካ እጅን የምታውቀው በክብደቱ ነው፤ መሪው ላይ ያረፈ እጅ ሳያስበው ወደ አንድ ወገን ጥቂት ይስባል። በላይ ይህን ባወቀ ማግስት አበበች ገበያ ሽንኩርት የምትመዝንበትን የግማሽ ኪሎ ብረት ወሰደና በሲባጎ ከመሪው ቀኝ ጎን አንጠለጠለው። መኪናዋ ዝም አለች። ብረቱን እጅ ነው ብላ አመነች።

አበበች ብረቷን ስትፈልግ ሰነበተች። "ልጆች ወስደውት ይሆናል" አላት። ከዚያ በኋላ በድንጋይ ትመዝን ጀመር።

ነገሩ የሆነው በታኅሣሥ፣ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ከማሳ ወደ ቤት በሚጋዝበት ወቅት ነው። አገዳ የተጫነች አህያ ከሩቅ ላያት አህያ አትመስልም፤ ከክምሩ ሥር ጆሮዋና ኮቴዋ ብቻ ነው የሚታየው። እትዬ ዘይቱና ከጀውሃ ወዲህ ባለች መንደር የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ውኃውንም፣ እህሉንም፣ አገዳውንም የምታመላልስላቸው አንዲት አህያ ነበረቻቸው። ያን ረፋድ ከኋላ ሆነው እየነዷት አስፋልቱን ሲያሻግሩ አህያዋ መሃል ላይ ቆመች። አህያ ሲላት ትቆማለች።

በላይ ከአጣዬ እየተመለሰ ነበር። አንድ ወዳጁ ብርቱካን በፌስታል ሰጥቶታል። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ መስመሩም በአዲስ ቀለም የተቀባ ነው። ብረቱን አንጠለጠለና ብርቱካን በሁለት እጁ ይልጥ ጀመር።

መኪናዋ ለምን አልቆመችም? በላይ ራሱ በኋላ ብዙ ያነበበበት ጉዳይ ነው፤ መልሱም ግልጽ ነው። በመንገድ ዳር ምሰሶ አለ፣ ድልድይ አለ፣ ታፔላ አለ፤ ራዳሩ ቆሞ ላገኘው ነገር ሁሉ ፍሬን ቢይዝ መኪናዋ ከቤቷም አትወጣም ነበር። ስለዚህ በፍጥነት ስትጓዝ የቆሙ ነገሮችን ብዙውን ጊዜ ችላ እንዲል ተደርጎ ነው የተሠራው። ካሜራው ደግሞ የሚፈልገው የተማረውን ቅርጽ ነው። እግር ያለው የአገዳ ክምር አልተማረም። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም እንደ አሠራሩ ሠራ። ከመኪናዋ ዓይኖች ሌላ ሦስተኛ ዓይን ነበር፤ እሱ ብርቱካኑ ላይ ነበር።

አህያዋ እዚያው ሞተች። እትዬ ዘይቱና ወደ ኋላ ሸሽተው መንገዱ ዳር በመቀመጫቸው ወደቁ እንጂ አልተጎዱም። በላይ ወርዶ ሮጠና ሁለት እጃቸውን ይዞ አነሳቸው። ሲያነሳቸው እጁ ከእጃቸው ጋር ተጣበቀ። ሴትዮዋ የያዛቸውን እጅ ቁልቁል አዩት፤ የብርቱካኑ ሽታ ለሁለቱም ይሰማ ነበር።

"ሱብሃነላህ" አሉ ቀስ ብለው።

ከማሳው ሰዎች እየሮጡ ሲመጡ በላይ ወደ መኪናዋ ተመለሰ። ብረቱን ከነሲባጎው ከመሪው ላይ ፈታና ከነልጣጩ ከወንበሩ ሥር ገፋው። ሰዎቹ ሲደርሱ "መቆም ነበረባት፤ አልቆመችም" አላቸው፤ መኪናዋን እያሳየ።

ሽማግሌዎቹ ከመንደሩ ሮቃ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። በላይ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ምንጣፍ ማዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ሐጂ አብዱልሀኪም ናቸው፤ ከበላይ ጋር ስንቱን ሹፌር አብረው አስታርቀዋል። ስለ አህያዋ ዕድሜ ጠየቁ፤ ስለ መንገዱ ጠየቁ። ከዚያ ወደ በላይ ዞሩ።

"በላይ፣ ይህችን ጥያቄ ያስተማርከን አንተ ነህ። እኛ ልንተዋት እንችል ነበር፤ አንተ ግን ለማንም ትተሃት አታውቅም። መሪውን የያዘው ማን ነበር?"

በላይ ስለ ካሜራው ተናገረ። ስለ ራዳሩና ስለ ሞገዱ ተናገረ፤ በእንጨት መሬት ላይ እየሳለ አሳየ። ሽማግሌዎቹ በትዕግሥት ሰሙት፤ አንዳንዱ እንዲያውም ወዶት ነበር።

"ስለዚህ" አሉ ሐጂ፣ "መሪውን የያዘችው እሷ ነበረች?"

"ያን ጊዜ አዎ፣ እሷ ነበረች።"

ከበስተኋላ የተቀመጠው ጀይላን "እንግዲያው መኪናዋ ትምጣና ይቅርታ ትጠይቅ" አለ።

እንደ ሌላው ጊዜ ሰው ሁሉ ይስቃል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። ጥቂቶች ብቻ ሳቁ፤ የሌሎቹ ዓይን መሬት መሬት አየ። ለበላይ ይህ ከሳቁ ይልቅ ከበደው።

ሐጂ ወደ እትዬ ዘይቱና ዞሩ። "አንቺስ? ምን አየሽ?"

ሴትዮዋ በላይን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እኔ አህያዬን ነበር የማየው" አሉ።

ሐጂ ቀጠሮውን ለሚቀጥለው ሳምንት አደረጉት። "ዛሬ አልበሰለም። በላይም ይረጋጋ።"

ሰው ሲበተን እትዬ ዘይቱና በበላይ አጠገብ አለፉ። ቆም አላሉም። "እጅህን ታጠብክ?" አሉት፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ እንደ ተራ ነገር።

ቢያጋልጡት ኖሮ መከራከር ይችል ነበር። እሳቸው ግን የራሳቸው አህያ ሞታባቸው የእሱን ነውር ሸፍነውለት ሄዱ። በላይ ያን ሳምንት ከቤት አልወጣም። ጀይላን በር ላይ ቢጠራውም "የለም በይው" አላት አበበችን። አበበች "የለሁም ይልሃል" ብላ መለሰችለት።

መኪናዋን የጠረገችው እሷ ናት። ከወንበሩ ሥር የደረቀ የብርቱካን ልጣጭና የታሰረ ብረት አገኘች። ብረቱን በእጇ እያመዛዘነች ገባች።

"ይሄ የኔ አይደለም እንዴ?"

በላይ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።

"ሲባጎው ምንድን ነው?"

አስረዳት። መሪው ክብደት እንደሚያውቅ፣ ለመኪናዋ እጅ እንዲመስላት ያንጠለጠለው እሱ መሆኑን፣ ሁሉንም። ሲያስረዳ ድምፁ እንደ ልማዱ ሞቅ ማለት ጀምሮ ነበር፤ መሃል ላይ የራሱን ድምፅ ሰማና አቆመ።

አበበች ሲባጎውን መፍታት ጀመረች። "እኔ በድንጋይ ስመዝን ምን እንደተባልኩ ታውቃለህ? እነዚያ የጀውሃ ሴቶች 'አበበች ድሮ እንዲህ አልነበረችም፣ ሚዛን ታጎድላለች' አሉ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ሰው ቢወስደው ነው እንጂ ብዬ።"

"አበቡ..."

"ለኔ ተወው።" ሲባጎውን መፍታቷን ተወችና ብረቱን እንደታሰረ ከፊቱ አስቀመጠችው። "እንዲሁ እንዳለ ይዘኸው ሂድ። እንዳትፈታው።"

በሁለተኛው ቀጠሮ በላይ ሐጂ ጥያቄውን እስኪደግሙት አልጠበቀም። ተነስቶ ወደ ምንጣፉ ሄደና ብረቱን ከነሲባጎው ሽማግሌዎቹ ፊት አኖረው።

"መሪውን የያዘው ይህ ነበር" አለ። "ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ። እጄ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ሰው ሳይደርስ የደበቅኩትም እኔ ነኝ።"

ሐጂ ብረቱን አንስተው ገለባብጠው አዩት። ከጎናቸው ለተቀመጠው ሽማግሌ ሰጡት፤ እሱም አይቶ ለሚቀጥለው ሰጠ። ብረቱ ምንጣፉን ሁሉ ዞሮ እስኪመለስ ድረስ በላይ ቆሞ ነበር። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ስንት ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አሁን እያንዳንዱ የእሱን ተንኮል በመዳፉ ሲመዝን ማየት ነበረበት።

"እትዬ ዘይቱና" አለ፣ "ይቅር ይበሉኝ። አህያዎን ገደልኩ፤ ከዚያ ደግሞ ዋሸሁ። አውቀው ዝም እንዳሉልኝም አውቃለሁ።"

"አውፍ ብዬሃለሁ" አሉ ሴትዮዋ፤ ይቅር ብዬሃለሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ ጨመሩ፦ "ውኃዬን ግን ማን ያመጣልኛል? እኔ የምጨነቀው ለእሱ ነው።"

ፍርዱ ከዚህ ነው የተገኘው። ምትክ አህያ እንዲገዛ ተቆረጠበት። አዲሷ አህያ ተገዝታ፣ ጭነቱንና መንገዱን እስክትለምድ ድረስ ደግሞ የሟቿን ሥራ የገደለቻት መኪና ትሥራ አሉ ሐጂ። ስለ በላይ የሽምግልና ቦታ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ትቀመጣለህም፣ አትቀመጥምም አላሉት። በላይም አልጠየቀም።

እናም ያቺ ለስላሳ መኪና ውኃ በጀሪካን፣ አገዳ ደግሞ ጣሪያዋ ላይ ባለው የጭነት መደርደሪያ፣ በፖርቶመጋላው ላይ መጫን ጀመረች። አገዳው በሁለቱም ጎን ተንዘርፍፎ መስታወቷን ሲሸፍናት ከሩቅ ለሚያያት መኪና መሆኗ ያጠራጥር ነበር። ጀይላን ባጃጁን ያቆምና "መንገድ ልቀቁ፣ የእትዬ ዘይቱና አህያ መጣች" ይላል። በላይ አይመልስለትም። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። መንገድ ላይ ለሚያገኘው ሁሉ እጁን እያነሳ ሰላም ይል የነበረ ሰው፣ አሁን በራሱ ንቅናቄ ብቻ ሰላምታ ይሰጣል። አንዳንዱ ኮራ አለ ብሎ አማው።

አዲሷ አህያ ከለመደች በኋላም እትዬ ዘይቱና አንዳንዴ ለገበያ አድርሰኝ ይሉታል። ከፊት ይቀመጣሉ፤ የሚያዩት ግን መንገዱን ሳይሆን እጁን ነው።

አንድ ቀን እንዲህ ሲሄዱ "ሐጂ ልከውብሃል አሉ" አሉት። "አንድ ከባድ መኪና የጎረቤቴን የሰዲቅን ግመል ገጭቶ።"

"ልከውብኛል። አልሄድም።"

"ለምን?"

"ምን አፍ አለኝ፣ እትዬ? ምን ብዬ ልጠይቅ?"

እትዬ ዘይቱና ጥቂት አሰቡ። "አትጠይቅ። ሄደህ ተቀመጥ" አሉ። "አሁን ግን ፊት ለፊትህን እይ።"

ሄደ። ከምንጣፉ ጠርዝ፣ ግማሹ መቀመጫው መሬት ላይ ሆኖ ተቀመጠ። ሹፌሩ ሮቤል የሚባል ወጣት ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ሽማግሌዎቹ ጥያቄያቸውን ጨረሱ። የበላይ ተራ ሲደርስ እሱ ወደ ምንጣፉ አቀረቀረ። ሐጂ ጥቂት ጠበቁትና ጥያቄውን ራሳቸው ጠየቁ።

"መሪውን የያዘው ማን ነበር?"

"መኪናው አሮጌ ነው፣ ሐጂ" አለ ሮቤል። "ቁልቁል ላይ መሪው ወደ ግራ ይጎትታል። ባለቤቱን ስንቴ ነግሬዋለሁ መሰለዎት..."

ድሮ ቢሆን ይህን ጊዜ ነበር ሳቁ የሚመጣው። ሰዎቹ ሳያስቡት ወደ በላይ ዞሩ። በላይ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሚያየው ግን ሮቤልን ሳይሆን ጉልበቱ ላይ ያረፉትን የገዛ እጆቹን ነበር።

"ሐጂ" አለ፣ "ለእኔ እንደሰጡኝ ለልጁም ቀጠሮ ይስጡት።"